በእጅ ሁለት ዙር

(በማኅበራችን የተመራቂዎች መገናኛ ዕለት ከምሳ በኋላ የቀረበ ንግግር)



ከምሳ በኋላ መናገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። አምስት ኪሎ ሳለን ከሰዓት በኋላ ቴርሞዳይናሚክስ ሲኖረን ከኋላ ወንበር እንቅልፍ ይጥላቸው የነበሩት ሰዎች ዛሬ ፊት ለፊቴ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስማቸውን አልጠራም፤ አንዱ ዲን ሆኗል። እንቅልፍ እንዳይወስዳችሁ ግን አንድ ዕቃ ይዤ መጥቻለሁ። ይኸውላችሁ፤ እየተቀባበላችሁ እዩት። ባልቦላ ነው። አንገቱ ጎበጥ ማለቱን ልብ በሉ። ከፋብሪካ እንደዚያ ሆኖ አልወጣም፤ ያጎበጥኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንዳጎበጥኩት ስነግራችሁ ንግግሬም ያልቃል።

አዘጋጆቹ «ስለዚያች አሮጌ የጣሊያን መኪናህ ተናገር» ሲሉኝ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት በመሐንዲስነት ሠርቼ ስለ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ልናገር? በኋላ ሳስበው ግን ስለ ሙያዬ ካወቅሁት ነገር ግማሹን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከእሷም በፊት ያስተማረኝ ሰው አለ፤ ስለ እሱ በአደባባይ ተናግሬ አላውቅም።

ስለ መኪናዋ ልጀምር። ፊያት 124 ስፓይደር ትባላለች፤ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ሁለት ሰው ብቻ በደንብ የምትይዝ ትንሽ የስፖርት መኪና ናት። የኔዋ እ.ኤ.አ. በ1978 የተሠራች ናት። ዓይነቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1966 በቶሪኖ የመኪና ትርዒት ላይ ነው። ቅርጿን የነደፈው ፒኒንፋሪና ቤት ውስጥ ይሠራ የነበረው ቶም ቻርዳ ሲሆን ሞተሯን ያወጣው ደግሞ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ላምፕሬዲ ወደ ፊያት ከመምጣቱ በፊት ለፌራሪ ሞተር ይነድፍ የነበረ ሰው ነው። እስከ 1985 ድረስ ወደ 200,000 የሚጠጋ ስፓይደር ተሠርቶ አብዛኛው የተሸጠው አሜሪካ ነው። እኔም ያገኘኋት እዚያው፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ አንድ ሰው ግቢ በሣር ተውጣ ነው።

«እኛን ምን አገባን?» እንዳትሉ። የዚህችን መኪና የቅርብ ዘመድ ሁላችሁም ተሳፍራችሁባታል። ሰማያዊና ነጭ ላዳ! ፊያት እ.ኤ.አ. በ1966 ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተፈራረመው ውል መሠረት ባለ አራት በሩን ፊያት 124 ሩሲያ ውስጥ ለመሥራት ፈቃድ ሰጠ፤ ከ1970 ጀምሮ በቶልያቲ ከተማ የተመረተችው ያቺ መኪና ናት በኋላ የአዲስ አበባ ታክሲ ሆና ያመላለሰችን። ስፓይደሯም የተሠራችው በዚያው በ124 መሠረት ላይ ነው፤ በፊትና በኋላ እግሮቿ መካከል ያለው ርቀት ብቻ በ14 ሴንቲ ሜትር አጠር ተደርጓል። እህትማማቾች ናቸው ማለት ነው፤ አንዷ ለሽርሽር ተዳረች፣ ሌላዋ ፒያሳና መርካቶ ሠርታ አደረች።

ሶቪየቶቹ መኪናዋን እንዳለች አልወሰዷትም። መንገዳቸው ያውቁታል፤ ብርዳቸውንም ያውቁታል። ላሜራውን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን አውጥተው ከበሮ ፍሬን አደረጉበት፣ ሞተሩንም ለወጡት። ጣሊያኖቹ ዲስክ ያደረጉት ለአስፋልት ነው፤ ሩሲያ ውስጥ ጭቃውና ጠጠሩ ቶሎ ይጨርሰዋል። ይህን ታሪክ የማነሳው መኪና ማሻሻል ነውር እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። ግን አንድ ግዴታ አለው፤ የሠራው ሰው ለምን እንደዚያ እንዳደረገው ቀድሞ ማወቅ። እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ክረምቱን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ደመወዝ የለም፤ ምሳ አለ። የጋራዡ ባለሙያ በዕድሜ የገፉ፣ ከጣሊያን መካኒኮች ሥር ሆነው ሥራ የለመዱ ሰው ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። እኔን «አንተ ኢንጂነር» ይሉኝ ነበር፤ ሙገሳ ይሁን ቀልድ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

በመጀመሪያው ቀን የአንድ ሰይቼንቶ ሞተር ፈትተው ከላይ ያለውን ክፍል እያሳዩኝ «ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ሲሊንደር ሄድ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። «እዚህ ቴስታታ ነው የሚባለው» አሉኝ። ታዲያ እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ቴስታታ የሚባል ነገር መጽሐፍ ላይ የለም!» ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ካቻቢቴ አቀበሉኝና ሥራ ቀጠልን።

ያን ክረምት ቢየላ፣ ፋሻ፣ ኮሎ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔት ስል ከረምኩ። መስከረም ሲጠባ ክፍል ተመልሼ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ጠራሁት፤ የጋራዡን ቃል እንደ ቆሸሸ ቱታ አውልቄ ጣልኩት። ከጋሼ ትምህርት አንድ ነገር ግን በየቀኑ ሲደጋግሙት እንዳይረሳ ሆኖ ቀርቶ ነበር፤ «ሞተር ከገጠምክ በኋላ ቁልፉን ከመንካትህ በፊት በእጅህ ሁለት ዙር አዙር። እጅህ ያልወደደውን ሞተሩም አይወደውም።»

በ1977 ዓ.ም. ተመረቅን። ከጥቂት ዓመት በኋላ ለትምህርት ወጣሁና በዚያው ቀረሁ። መኪናዋን በ1985 ዓ.ም. በ900 ዶላር ገዛኋት። ከዚያ ወዲህ ስንት ወጣባት የሚለውን ጥያቄ አትጠይቁኝ፤ ባለቤቴ አዳራሹ ውስጥ ናት።

ሻጩ «ትንሽ ዝገት አላት» ብሎኝ ነበር። የፊት አሞርዛተሮቹ ከላይ የሚታሰሩበት ቦታ የእነዚህ መኪናዎች የታወቀ ሕመም ነው፤ ጎማው የሚረጨው ጭቃ እዚያ ይከማችና ከውስጥ ይበላዋል። ቤት ወስጄ በካቻቢቴ ነካ ሳደርገው ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ! ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ ጥቁር ቀለም ቀብቶት ኖሯል። የመኪናዋ የፊት ክብደት የሚያርፍበትን ቦታ በስቱኮ!

መሐንዲስ ነኝ፤ ጭነቱ ስንት ኒውተን እንደሆነ ማስላት እችላለሁ። መበየድ ግን አልችልም። አንደኛ ዓመት ወርክሾፕ ውስጥ ያንን የብረት ኩብ በሞረድ ስንሞርድ «ይህ ለምን ይጠቅመናል?» ብለን ያጉረመረምነውን ታስታውሳላችሁ? ወርክሾፕ ያስተማሩን መምህር እዚህ ካሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዕድሜዬ ከሠላሳ አልፎ የማታ ትምህርት ቤት ገብቼ ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ጋር ብየዳ ተማርኩ። የተበላውን ላሜራ ቆርጦ መጣልና በአዲስ መተካት፣ ወለሉንና የበሩን ሥር ጨምሮ፣ አምስት ዓመት ፈጀ። ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነበር የምሠራው፤ ልጆች ይወለዳሉ፣ ሥራ ይለዋወጣል፣ አንዳንዴ ዓመቱን ሙሉ ሸራ ለብሳ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ የመኪናዋን የጥገና መጽሐፍ አገኘሁ። ግን በጣሊያንኛ ነው። ልተወው ስል ገለጥ አደረግሁት። ከሥዕሉ ግርጌ ምን ይላል? ቴስታታ። ቀጥሎ ቢየላ። ቀጥሎ ባልቦላ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ... ጣሊያንኛ ተምሬ አላውቅም፤ ሆኖም ክፍሎቹን አንድ በአንድ ማንበብ ቻልኩ። አነጋገሩ ትንሽ ይለያል እንጂ የተክለ ሃይማኖቱ ጋራዥ ቋንቋ ነው! ፋሻ የምንለው ጣሊያኖቹ ለፒስተን ቀለበት ያወጡት ስም ነው። ኩሽኔት በቋንቋቸው ትንሽ ትራስ ማለት ነው፤ ዘንጉ የሚያርፍበት ትራስ። ካንዴላ ሻማ ነው። ማርሚታ ድስት ነው። ኮሎ የአንገት ስም ነው፤ የዝይ አንገት ይሉታል፣ ስለሚጣመም። «መጽሐፍ ላይ የለም» ያልኩት ቃል መጽሐፍ ላይ ነበር። እኔ ነኝ መጽሐፉን ያላየሁት።

በዚያን ጊዜ ስልክ ደውዬ «ጋሼ፣ ልክ ነበሩ» ማለት ይገባኝ ነበር። አልደወልኩም። ስፈልጋቸው ግን ደወልኩ።

ይህ የሆነው በ1997 ዓ.ም. ነው። ላሜራው አልቆ ወደ ሞተሩ ገብቼ ነበር። ሞተሩ 1,756 ሲሲ ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ ሲባል ለጭስ ቁጥጥሩ ሕግ እንዲስማማ የመጨመቂያ መጠኑ ዝቅ ተደርጎ ጉልበቱ ተቀንሷል። እኔ ደግሞ ጉልበቱን ልመልስለት ብዬ ጫፋቸው ጎላ ያለ ፒስተኖች አስገባሁ፣ ባልቦላውን ይበልጥ የሚከፍቱ ካምሻፍቶች ገጠምኩ። መሐንዲስ ለሆናችሁ የሠራሁት ግልጽ ነው፤ በፒስተኑና በባልቦላው መካከል የነበረውን ክፍተት ጨርሼ በላሁት። ያ ክፍተት ለስህተት የተተወ ቦታ ነበር።

ይህ ሞተር ሁለት ካምሻፍት አለው። እንደዚህ ያሉ ሞተሮች በብዛት በሰንሰለት በሚነዱበት ዘመን ላምፕሬዲ በጥርሳም የጎማ ቺንጋ አደረገው፤ ድምፁ ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ስለ ጠጋኙም አስቦ ነበር፤ የባልቦላውን ክፍተት የምታስተካክልባቸውን ትናንሽ ዝርግ ብረቶች ካምሻፍቱን ሳታወጣ መለወጥ እንድትችል ከላይ አስቀምጧቸዋል። ቺንጋው ግን ጥርሶቹ በቦታቸው መሆን አለባቸው፤ ጥቂት ጥርስ ከዘለለ ባልቦላው ክፍት ሆኖ ሳለ ፒስተኑ ይመጣበታል።

ያን ቀን የመስቀል ዋዜማ ነበር። የአገር ልጆች ቤቴ ተሰብስበዋል፣ በጓሮ ሥጋ ይጠበሳል፣ ሁሉም «ዛሬ ትነሳለች ወይ?» ይላል። ቺንጋውን ገጥሜ ምልክቶቹን አየሁ፤ ልክ ናቸው። ከዚያ ወጠርኩት። ሲወጠር አንደኛው ካምሻፍት ትንሽ ዞሮ ጥርስ ዘሎ ኖሯል፤ ዳግመኛ አላየሁትም። የቀረኝ የኮሎውን ቡሎን በቁልፍ ይዞ በእጅ ሁለት ዙር ማዞር ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጎንበስ ልል ስል አንዱ ወዳጄ «ኧረ ኢንጂነር፣ አስነሳትና እንብላ!» አለ።

ቁልፉን አዞርኩ። «ተክ!» አለና ቆመ። ጠበሳው ሳይቀር ጸጥ ያለ መሰለኝ። «ባትሪው ይሆናል» አለ አንዱ። ባትሪ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቴስታታው ሲነሳ ከ8ቱ ባልቦላዎች 5ቱ ጎብጠዋል። እጃችሁ ላይ ያለው ከአምስቱ አንዱ ነው።

በሳምንቱ የስልክ ካርድ ገዛሁና የጋሼን ስልክ አፈላልጌ ደወልኩ። ድምፄን ወዲያው አወቁት። «አንተ ኢንጂነር! አለህ?» ከሰላምታው በኋላ የደረሰውን ነገርኳቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«በእጅህ ሁለት ዙር አዙረሃል?»

ጓደኞቼ፣ እኔ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ልሆን ጥቂት የቀረኝ፣ ሁለት ዲግሪ ያለኝ፣ ሰዎች የማስተዳድር ሰው ነኝ። «አዎ ጋሼ፣ አዙሬአለሁ» አልኩ።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እንግዲህ ከሁለት አንዳችሁ ዋሽታችኋል፤ ሞተር ደግሞ አይዋሽም» አሉኝ። ሳቁ፣ ሌላም አልጨመሩበትም። ወዲያው ወደ ሥራው ገቡ፤ «ባልቦላዎቹን ከቀየርክና ከሞረድክ በኋላ ቴስታታውን ገልብጥና ቀዳዳዎቹን ላምባ ሙላ። የሚያንጠባጥበው ባልቦላ አልገጠመም ማለት ነው። እንደገና ሞርድ።» ካርዱ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ።

ነገ ደውዬ እውነቱን እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ዓመት ሆነ። በ2003 ዓ.ም. ማረፋቸውን ሰማሁ። ላምባውን እንዳሉት አድርጌ ነበር፤ በሁለተኛው ሙከራ አንድ ጠብታ አልወጣም። ይህንንም አልነገርኳቸውም። ስለዚህ ዛሬ፣ ቢዘገይም፣ በእናንተ ፊት እላለሁ፦ ጋሼ፣ አላዞርኩም።

(ረጅም ጸጥታ)

ከዚያ በኋላ መኪናዋን የሠራሁበት መንገድ ተለወጠ። አንድ ነገር ከመለወጤ በፊት «ይህ ለምን እንደዚህ ሆነ?» ብዬ ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። መልስ ካጣሁ አልነካውም። የፊት መብራቱ ኤሌክትሪክ በሙሉ በማብሪያ ማጥፊያዋ ውስጥ ስለሚያልፍ ማብሪያዋ ትቃጠላለች፤ ሪሌ አስገባሁ፣ ምክንያቱም የፋብሪካው ምክንያት ወጪ መቀነስ ብቻ እንደነበረ ገባኝ። ለአሜሪካ ሕግ ሲባል ከፍ የተደረገውን ቁመቷን በአውሮፓው ስፕሪንግ ወደነበረበት መለስኩ፤ ከባዱን ፓራውልትም በድሮው ቀጭን ቀየርኩ። ማርሚታውን ግን ለድምፅ ብዬ ለውጬው ነበር፤ ጎረቤቶቼ ሳይሆኑ ደብተሬ «ለምን?» ብሎ አሳፈረኝና የድሮውን መለስኩ። አውጥቼ የተካሁትን ዕቃ ሁሉ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ተሳስተሃል ቢለኝ መመለስ ይችላል። ቀለሟንም ቀይ ላደርጋት አስቤ ነበር፤ የጣሊያን መኪና ቀይ ነው ይባል የለ? ክሩስኮቱን ስፈታ ከሥሩ የመጀመሪያ ቀለሟ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። አረንጓዴ ሆነች።

በ2011 ዓ.ም. ሞተሩ ለመጨረሻ ጊዜ ተገጠመ። ቁልፉን ለልጄ ሰጠኋት። እሷ የሒሳብ ሰው ናት፤ ሞተር አትወድም። ግን ቡሎኑን ይዛ ቀስ ብላ አዞረች፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። «ምን ተሰማሽ?» አልኳት። «ምንም። ይለሰልሳል» አለች። ተነሳች። በ26 ዓመቷ ከግቢ ወጣች።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፤ በተለይ ወደ መምህራኖቻችን። ይህ አዳራሽ ውስጥ መካኒካል የተማርን ብዙዎች አለን። ከመካከላችን ባልቦላ፣ ቴስታታና ኮሎ የሚሉትን ቃላት ክፍል ውስጥ ከመምህር አፍ የሰማ አለ? የለም። እነዚህ ቃላት ግን ከመቶ ሺህ መኪና በላይ ያስጠገኑ ቃላት ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። አሁን ደግሞ የሚያውቋቸው ሰዎች እያለቁ ነው። ወጣቱ መካኒክ የቻይናና የጃፓን መኪና ነው የሚፈታው፤ ላዳዎቹም ከመንገድ እየወጡ ነው።

ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንደኛው፣ ተማሪዎቻችን ክረምት ላይ የቀሩትን አሮጌ ባለሙያዎች እየዞሩ የጋራዥ ቃላትንና የአሠራር ዘዴዎችን ይሰብስቡ፤ ላምባ ሞልቶ ባልቦላ መፈተንን የመሰለ ዘዴ ማለቴ ነው። ትምህርት ክፍሉ ያሳትመው። የመጀመሪያውን ክረምት ወጪ እኔ እችላለሁ፤ ባለቤቴም ሰምታለች፣ መመለስ አልችልም። ሁለተኛው፣ በዓመት አንዴ እንኳ አንድ ባለሙያ ወርክሾፓችን ገብተው ያስተምሩ። ተማሪዎቹ «ይህ መጽሐፍ ላይ የለም» ቢሏቸው እኔን ጥሩኝ።

ባልቦላው የት ደረሰ? አዎ፣ ከኋላ። ለእኔ አትመልሱልኝ። ለመካኒካል ትምህርት ክፍል ወርክሾፕ ሰጥቼዋለሁ፤ ተማሪዎቹ ሞተር የሚያስነሱበት ቦታ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ደስ ይለኛል። ከሥሩ ስሜ አይጻፍ። «በእጅህ ሁለት ዙር አዙረሃል?» የሚለው ይበቃል።